ነጻው ሲስተም ለጀማሪ ምን ያህል ነጻ ነው?

ኡቡንቱ፣ ሚንትና ዴቢያን በካምፕ መምህር ሚዛን



ሂስ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ልብ ወለድ ወይም ድራማ ነው። ዛሬ የምንመዝነው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በነጻ የሚታደሉት የኮምፒውተር ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ለጀማሪ የገቡትን ቃል ምን ያህል ይጠብቃሉ የሚለው ነው። ቃሉ በየመመሪያው ላይ ያው አንድ ነው፦ ቀላል ነው፣ ማንም ሰው በግማሽ ሰዓት ይጭነዋል ይላሉ። እሺ፣ ይሁን። ግን «ማንም ሰው» ሲሉ ማንን ነው? ኡም ጋርጉር ያለ መምህርስ ከነሱ ይቆጠራል ወይ? ፍላሽ ይዛ ወረፋ የምትጠብቅ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪስ?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከምክንያቱ እንጀምር። (ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ለምን አሁን?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራም፣ 64 ጊጋ ባይት የዲስክ ቦታ፣ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባል የጥበቃ ቺፕ፣ እንዲሁም በኩባንያው ዝርዝር ውስጥ የተጻፈ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ለካምፕ ትምህርት ቤት በእርዳታ የሚሰጥ ኮምፒውተር ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ አገልግሎ ጡረታ የወጣ ነው። ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል?

ስለዚህ ከፊታችን ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ድጋፍ በሌለው ዊንዶውስ መቀጠል ነው። ሁለተኛው ከገበያ የተሰረቀ ኮፒ ገዝቶ ከነቫይረሱ መጫን ነው። ሦስተኛው ነጻውን ሲስተም መሞከር ነው። ሦስተኛውን መንገድ ብዙ ሰው ያወድሳል፤ ጀማሪው የት ላይ እንደሚወድቅ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ይሄ ጽሑፍ ያንን ለመናገር ነው።

«ነጻ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በአማርኛችን «በነጻ» ማለት ያለ ክፍያ ማለት ነው፤ «ነጻ» ማለት ደግሞ ያልታሰረ። ሁለቱ ስለሚቀራረቡ እናምታታቸዋለን። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 የግኑ ፕሮጀክትን ሲያስታውቅ ያሰበው ሁለተኛውን ነበር። ሶፍትዌሩን ለፈለጉት ዓላማ መጠቀም፣ ውስጡን ማየትና መለወጥ፣ ለሌላ ሰው ማባዛት፣ የለወጡትንም ማደል፤ እነዚህ መብቶች ናቸው ነጻ የሚያሰኙት። በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑክስ የተባለውን የሲስተሙን እምብርት ጻፈ። ሁለቱ ተጋጥመው ዛሬ ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ዴቢያን የምንላቸው ቤተሰቦች ተወለዱ።

ታዲያ መብቱ በወረቀት ላይ መጻፉ ብቻውን ለእኛ ይበቃል ወይ? የሱዳንን ታሪክ እንይ። አሜሪካ ከ1997 እስከ 2017 በሱዳን ላይ ሰፊ የንግድ ማዕቀብ ጥላ ቆይታለች። በጃንዋሪ 2010 ሶርስፎርጅ የተባለው ትልቁ የነጻ ሶፍትዌር ማከማቻ ከሱዳን፣ ከኢራን፣ ከሶሪያ፣ ከኩባና ከሰሜን ኮሪያ የሚገባውን ሰው ሁሉ ዘጋ። በቀጣዩ ወር ውሳኔውን ለየፕሮጀክቱ ባለቤቶች ተወው እንጂ ትምህርቱ ግልጽ ነበር፤ ለዓለም ሁሉ ክፍት የተባለው በር በአገር አድራሻ ሊዘጋ ይችላል። ኮምፒውተር ደግሞ ስደተኛና ባለአገር አይለይም። ሱዳን ከተቀመጥክ አድራሻህ ሱዳን ነው፣ በቃ።

በሩ ሲዘጋ ያልተዘጋ አንድ ነገር ግን ነበር፤ እሱም የማባዛት መብት ነው። ኡቡንቱን የሚያዘጋጀው ካኖኒካል ከ2005 እስከ 2011 ሺፒት በሚባለው አገልግሎቱ ሲዲ በፖስታ ያለ ክፍያ ይልክ ነበር። አንድ ሲዲ የደረሰው ሰው አሥር አባዝቶ ቢያድል ማንም «ሌባ» አይለውም። ዛሬ ሲዲው በፍላሽ ተተክቷል፤ መብቱ ግን እንዳለ ነው። በኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ፣ በተለይም በፌብሩዋሪ 2024 የሱዳን ኔትወርክ በአገር ደረጃ ጸጥ ባለ ጊዜ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ፍላሽ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ሁላችንም አይተናል።

እንግዲህ ሚዛናችን ይሄ ነው። አንድ ነጻ ሲስተም ለካምፕ ጀማሪ ይሆናል የምንለው ኢንተርኔት በሌለበት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍም ሥራውን ሲሠራ ነው። ሦስቱን በአምስት ፈተና እንመዝናቸው።

ፈተና አንድ፦ እኛ ዘንድ ይደርሳል ወይ?

በኤፕሪል 2024 የወጣው ኡቡንቱ 24.04 ፋይሉ ወደ 6 ጊጋ ባይት ይጠጋል። ሚንት 22 ወደ 3 ጊጋ ባይት ገደማ ነው። ዴቢያን ሁለት ዓይነት መጫኛ አለው። ትንሹ ከ1 ጊጋ ባይት በታች ሲሆን ትልቁ የዲቪዲ ፋይል ወደ 4 ጊጋ ባይት ነው።

ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ጀማሪ ሰው ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ ዘመድ አግኝቶ «አውርድልኝ» ሲል፣ በካርድ የሚከፈል ኢንተርኔት ነውና ትንሹን ይመርጣል። ማን ይፈርድበታል? ትንሹ የዴቢያን ፋይል ግን መጫኛው ብቻ ነው፤ የቀረውን በሚጫንበት ሰዓት ከኢንተርኔት ይለቅማል። ኔትወርክ ከሌለ በመጨረሻ የሚያገኘው መስኮትም ሥዕልም የሌለው፣ ትእዛዝ የሚጠብቅ ጥቁር ስክሪን ነው። ብዙ መመሪያዎች ደግሞ ይሄንኑ ትንሹን ያስቀድማሉ። ኢንተርኔት እንደ አየር ለሚቆጠርበት አገር ልክ ነው፤ ለእኛ ግን በርካሽ ገዝቶ በውድ መክፈል ነው። ዴቢያን የሚፈልግ ሰው የዲቪዲውን ፋይል ያስመጣ።

ሌላው የመጀመሪያ ቀን እንቅፋት ፍላሹ ነው። የወረደውን ፋይል እንደ ፎቶ ፍላሽ ላይ ኮፒ ማድረግ አይበቃም፤ ኮምፒውተሩ ከእሱ አይነሳም። ሩፉስ ወይም ኤቸር በሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች መጻፍ አለበት፤ ሲጻፍም ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። የሰርግ ፎቶ ያለበትን ፍላሽ የሚሰጣችሁ ጓደኛ ካለ ቀድማችሁ ንገሩት! ከዚያም ሲወርድ የተበላሸ ፋይል አለ፤ መሀል ላይ ሲደርስ ይቆማል። ለዚህ ሲባል ከፋይሉ ጋር የሚታተመውን መፈተሻ ቁጥር ማመሳከር ያስፈልጋል። የሚንት መመሪያ ይህን እንደ አንድ ራሱን የቻለ እርምጃ አስቀምጦታል፤ ሊመሰገን ይገባል።

ፈተና ሁለት፦ አሮጌውን ማሽን ያከብራል ወይ?

«ሊኑክስ ለአሮጌ ኮምፒውተር» የሚለው ወሬ ግማሹ እውነት ነው። ኡቡንቱ ለባለ 32 ቢት ኮምፒውተር የሚሆን የዴስክቶፕ መጫኛ ማውጣት በ2017 አቁሟል። ዋናው ሚንትም ከ2020 ወዲህ ለ64 ቢት ብቻ ሆኗል። ዴቢያን ረጅም ጊዜ ታግሷል፤ በጁን 2023 የወጣው ዴቢያን 12 ለ32 ቢት መጫኛ ያለው የመጨረሻው ነው። በኦገስት 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለእነዚህ ማሽኖች መጫኛ የለውም። ዴቢያን 12 እስከ ጁን 2028 የደኅንነት እድሳት ስለሚያገኝ ለእንዲህ ዓይነት አሮጌ ኮምፒውተር ጥቂት ዓመት ይጨምርለታል።

ራምን በተመለከተ ኡቡንቱ 24.04 የሚመከርለት 4 ጊጋ ባይት ነው። ሚንት በ2 ይነሳል፤ 4 ሲሆን ግን ያምርበታል። በተለይ ኤክስ.ኤፍ.ሲ.ኢ. የሚባለው የሚንት ዓይነት ቀለል ያለ ነው። ዴቢያን ደግሞ ቀላል ዴስክቶፕ ከመረጡለት ከሁለቱም በትንሹ ይኖራል።

የዋይፋይን ጉዳይ ካነሳን፣ ዴቢያን ለብዙ ዓመት በዚህ ይወቀስ ነበር። ብዙዎቹ የዋይፋይ ካርዶች የሚሠሩበት ትንሽ ፕሮግራም «ሙሉ በሙሉ ነጻ አይደለም» ተብሎ ከመደበኛው መጫኛ ውጭ ይቀመጥ ስለነበር፣ ጀማሪው ጭኖ ሲጨርስ ዋይፋይ የሌለው ኮምፒውተር ይታቀፍ ነበር። ኢንተርኔት ለማግኘት ፕሮግራሙ ያስፈልጋል፤ ፕሮግራሙን ለማግኘት ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ከዴቢያን 12 ጀምሮ አብሮ ገብቷል። ለመርህ ሲሉ ጀማሪውን በረሃ ላይ ከመተው ይሄ ይሻላል እላለሁ።

ፈተና ሦስት፦ ከመደምሰሱ በፊት ይጠይቃል ወይ?

ከሁሉም የከበደው ፈተና ይሄ ነው። ኮምፒውተሩ ባዶ ከሆነ ምንም አይደለም። የካምፕ ኮምፒውተር ግን ብቻውን ባዶ አይቀመጥም። የተማሪዎች ውጤት፣ የመምህራን የትምህርት ዕቅድ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ማመልከቻ፣ የአንዱ ልጅ ፎቶ፣ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ወረቀቱን በጉዞ ላይ ያጣ ሰው የሰነዱን ኮፒ ያስቀመጠው በዚያ አሮጌ ዲስክ ላይ ሊሆን ይችላል። በሦስቱም መጫኛዎች ላይ «ዲስኩን በሙሉ ደምስሰህ ጫን» የሚል ምርጫ አለ። አንዴ ከተረጋገጠ ዊንዶውሱ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ በዚያ ዲስክ ላይ ያለው ክፍል ሁሉ ይሄዳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ታዲያ ማን የተሻለ ይጠይቃል? ኡቡንቱና ሚንት መጀመሪያ ሳይጫኑ ከፍላሹ ላይ ተነስተው እንድንሞክራቸው ያደርጋሉ። ይሄ ትልቅ ደግነት ነው። ድምፁን፣ ዋይፋዩን፣ ስክሪኑን ፈትሾ፣ ያሉትን ፋይሎች ወደ ሌላ ፍላሽ ገልብጦ፣ ከዚያ መወሰን ይቻላል። የዴቢያን የዲቪዲ መጫኛ ይህ የለውም፤ ለሙከራ የሚሆነው ዴቢያን ለብቻው የሚወርድ ሌላ ፋይል ነው። በሌላ በኩል ዴቢያን ዲስኩን ከመንካቱ በፊት የሚለወጠውን ክፍል ዘርዝሮ «ልጻፈው ወይ?» ይላል፤ አስቀድሞ ተመርጦ የሚጠብቀውም «አይ» የሚለው ነው። ዝም ብሎ «ኢንተር» የሚመታ ጣት ሰነዱን አያጠፋም። ይሄ የጀማሪን ጠባይ ያወቀ ሰው ሥራ ነው።

ሦስቱንም የምወቅስበት አንድ ነገር አለ። ዲስኩን የሚጠሩት በፋብሪካ ስምና በፊደል ቁጥር ነው፤ ኤስ.ዲ.ኤ. 1፣ ኤስ.ዲ.ቢ. 2 እያሉ። ዴቢያን ላይ መጫኛው ያለበት ፍላሽ ራሱ ከሃርድ ዲስኩ ጋር ተሰልፎ ሊታይ ይችላል። ጀማሪው የትኛው የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃል? መለያው መጠኑ ነው፤ 16 ጊጋ ባይት የሚለው ፍላሹ፣ 320 የሚለው ዲስኩ መሆኑን መገመት ይቻላል። ይህንን ግን የሚነግረው ሰው እንጂ ስክሪኑ አይደለም።

ፈተና አራት፦ ኢንተርኔት ሳይኖርም ይሠራል ወይ?

ኡቡንቱ እዚህ ላይ ይወድቃል ባልልም ይንገዳገዳል። ከ23.10 ወዲህ መጫኛው ሳይጠየቅ የሚመርጠው አነስተኛውን ዓይነት ነው፤ በዚያ ውስጥ ሊብሬኦፊስ የለም። «ቀጥል፣ ቀጥል» እያለ የጨረሰ መምህር ፈተና የሚጽፍበት ፕሮግራም ሲፈልግ ያጣል፤ ለማምጣት ኢንተርኔት ይጠየቃል። ሰፊውን ምርጫ መርጦ ቢሆን ኖሮ ሁሉም እዚያው ፍላሹ ላይ ነበር! ከዚህም ሌላ ኡቡንቱ ስናፕ በሚባለው መንገድ የሚያመጣቸውን ፕሮግራሞች በቀን ብዙ ጊዜ እየፈተሸ ራሱ ያድሳል። ስልክህን መገናኛ አድርገህ ጥቂት ሜጋ ባይት ስትከፍት፣ ሳትጠይቀው ካርድህን ሊበላው ይችላል።

ሚንት ስናፕን ከ2020 ወዲህ ዘግቶታል። እድሳት ሲኖር ያሳውቃል፤ የሚወስነው ተጠቃሚው ነው። ሊብሬኦፊስ፣ ፋየርፎክስና የቪዲዮ ማጫወቻ ሳይጠየቁ አብረው ይገባሉ። ለካምፕ የሚስማማ ጠባይ ይሄ ነው።

ዴቢያንም ከዲቪዲው ፋይል ከተጫነ ቢሮውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ሁለት ነገር ግን ጀማሪውን ያደክማል። አንደኛ፣ መሀል ላይ የዋናውን አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ከሞላኸው የአንተ መደበኛ ስም ፕሮግራም የመጫን ሥልጣን አይሰጠውም፤ ባዶውን ካለፍከው ግን ሥልጣኑ ለአንተ ይሆናል። ይሄን ማን ይገምታል? ሁለተኛ፣ ያለ ኔትወርክ ከተጫነ በኋላ ሌላ ቀን ኢንተርኔት አግኝተህ ፕሮግራም ልጨምር ስትል «ዲስኩን አስገባ» ይልሃል፤ ምንጩን ከቅንብሩ ውስጥ ገብተህ እስክትለውጥለት ድረስ።

ለሦስቱም የሚሆን አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ያለችው ክብ ባትሪ ስትሞት ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ኮምፒውተሩ ዓመቱን 2009 ነው ብሎ ካመነ ኢንተርኔት ሲያገኝም ገጾች «አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም፤ እድሳትም እምቢ ይላል። ብዙ ሰው ሲስተሙን ይረግማል፤ ጥፋቱ የባትሪዋ ነው። መጀመሪያ ቀኑን አስተካክሉ።

አንድ ጥቅም ደግሞ ሳልጠቅስ አላልፍም። በካምፕ ውስጥ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቫይረስም አብሮ ይዞራል። ለዊንዶውስ የተጻፈ ቫይረስ ሊኑክስ ላይ እንደልቡ አይሠራም። ፍላሹ ላይ ግን ተቀምጦ ወደ ጎረቤት ዊንዶውስ ሊሻገር ስለሚችል «እኔን አይነካኝም» ብሎ ማለፍ ነውር ነው።

ፈተና አምስት፦ አማርኛ ያውቃል ወይ?

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፎንት የየራሱ ቁጥር ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ዝርግፍ ይሆናል። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተዘጋጁ የቆዩ የትምህርት ጽሑፎች ያሏችሁ መምህራን ልብ በሉ፤ ፎንቱ ከሌለ ሊኑክስ ላይ እንዲሁ ነው የሚሆኑት። ዊንዶውሱን ከመልቀቃችሁ በፊት ወደ ዩኒኮድ ለውጧቸው፣ ካልሆነም አትማችሁ ያዙ።

በዩኒኮድ የተጻፈውን ማንበብ ችግር የለውም። ለመጻፍ ግን አይባስ የተባለውን የፊደል ማስገቢያና ኤም 17 ኤን የሚባለውን ጥቅል መጨመር፣ ከዚያም በውስጡ «ሴራ» የሚለውን አማርኛ መምረጥ ያስፈልጋል። አሠራሩ ደስ ይላል። የእንግሊዝኛውን «ኤስ» ለብቻ ስትነኩ ስ፣ «ኢ» ስትጨምሩበት ሰ፣ «ኤ» ስትጨምሩበት ሳ ይወጣል። ጥቅሉ ግን ተጨማሪ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ኢንተርኔት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ፍላሹን የሚያስመጣ ሰው ይሄንንም አብሮ ያስመጣ።

የሲስተሙ ገጽታስ? የግዕዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን በ2002 ጂኖም ለሚባለው ዴስክቶፕ የአማርኛ ትርጉም ጀምሮ ነበር። የዴቢያን መጫኛ በ2009 በወጣው ዴቢያን 5 ላይ አማርኛን ከአዲስ ቋንቋዎች አንዱ አድርጎ አስገብቷል፤ ፊደላችን እንዲታይ ግን ባለ ሥዕሉን መጫኛ መምረጥ ግድ ነው። ሊብሬኦፊስም በአማርኛ አለ። ይሄ ሁሉ የበጎ ፈቃደኞች ላብ ነው፤ እናከብራለን። ዴስክቶፑን በአማርኛ ስትከፍቱት ግን አንዱ ቃል አማርኛ፣ አጠገቡ ያለው እንግሊዝኛ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በጎ ፈቃደኛው ያቆመበት ቦታ ላይ ቋንቋው ይቆማል። ዐረብኛ የተማሩ ልጆቻችን በዚህ ይሻላቸዋል፤ የዐረብኛው ትርጉም እጅግ የተሟላ ነው።

«ያለ መምህር ይቻላል» የሚለው ነገር

በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕጻን» የተባለው ድርጅት ኢትዮጵያ ውስጥ በወንጪና በወለንጪቲ ለሚገኙ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕጻናት ያለ መምህር ታብሌት ሰጥቶ ነበር። ታብሌቶቹ የሚሠሩት በአንድሮይድ ነው፤ የአንድሮይድም እምብርት ሊኑክስ ነው። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ልጆቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ጭምር ከፈቱት ብሎ ለዓለም አወራ። ወሬውም «መምህር አያስፈልግም» ወደሚል ተለወጠ።

በዚያው ወሬ ውስጥ ሳይጎላ የቀረ ነገር ግን አለ። ታብሌቶቹን የሚሞላ ሶላር ተተክሎ ነበር፣ አዋቂዎች አሠራሩን ተምረው ነበር፣ በየሳምንቱም ባለሙያ እየሄደ የማስታወሻ ካርዱን ይቀይር ነበር። ማለትም ከልጆቹ ኋላ ሰው ነበረ። የልጆቹን ብልህነት ማንም አይክድም። ነገር ግን አንድ ነገር ቀላል ሆኖ የሚታየው ከጀርባው የሚደክም ሰው ሲኖር መሆኑን የነጻ ሶፍትዌር መመሪያ ጸሐፊዎችም ይርሱታል። «በግማሽ ሰዓት» የሚሉት ሁለተኛ ኮምፒውተር፣ የማይቋረጥ መብራት፣ ኢንተርኔትና እንግሊዝኛ ያለውን ሰው ነው። ከአራቱ አንዱ ሲጎድል ግማሽ ሰዓቱ ግማሽ ቀን ይሆናል። ግማሽ ቀን ስለፈጀ ደግሞ ተማሪዋ «እኔ አልችልም» ብላ ትደመድማለች። ትልቁ ጉዳት ይሄ ነው። መመሪያው የደበቀውን ችግር ጀማሪው የራሱ ድክመት አድርጎ ይወስደዋል።

ፍርዳችን

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጭን፣ ኮምፒውተሩም 64 ቢትና 4 ጊጋ ባይት ራም ላለው ሰው ምርጫዬ ሚንት ኤክስ.ኤፍ.ሲ.ኢ. ነው። ሳይጫን ይሞከራል፣ ቢሮውን ይዞ ይመጣል፣ ካርድ አይበላም። በጣም ላረጀው ማሽን ዴቢያን 12 ከዲቪዲው ፋይል ይሁን፤ ግን የሚያውቅ ሰው አጠገብ ይቀመጥ። ኡቡንቱ ጥሩ ሲስተም ነው፤ ኔትወርክና ጉልበት ያለው ኮምፒውተር ባለበት እንጂ ለካምፕ የመጀመሪያ ትምህርት አልመክረውም።

አሠራሩን በተመለከተ፦

1. ሁለት ሆናችሁ ጫኑ። አንዱ ይንካ፣ ሌላው በደብተር ይጻፍ።
2. ከሁሉ በፊት ፋይሎቹን ገልብጡ፤ የገለበጣችሁትም በሌላ ኮምፒውተር ላይ መከፈቱን አረጋግጡ።
3. ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከፍላሹ እንዲጀምር ኤፍ 12፣ ኤፍ 2 ወይም ኢስኬፕ ሞክሩ፤ የትኛው እንደሠራ በማሽኑ ጀርባ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ።
4. ጠዋት ሶላሩ ሲሞላ ጀምሩ። ዲስክ እየተጻፈ እያለ መብራት ከሄደ ሥራው ከሀ ይጀመራል።
5. «ደምስስ» የሚል ቃል ስታዩ እጃችሁን አንሱና ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ሁለታችሁም ካልገባችሁ አትቀጥሉ።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ አለኝ። ኡም ጋርጉር በ1976 ከተቋቋመ ጀምሮ እዚህ ተወልዶ፣ እዚህ ተምሮ፣ እዚሁ ያስተማረ ትውልድ አለ። ከውጭ የሚመጣ መመሪያ የእኛን ማሽን፣ የእኛን መብራት፣ የእኛን ቋንቋ አያውቅም፤ እንዲያውቅም መጠበቅ የለብንም። አንድ ኮምፒውተር የጫነ እያንዳንዱ ተማሪ የሆነውን በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ የትኛው ማሽን፣ የት ላይ ቆመ፣ ምን ፈታው። በአማርኛም፣ በትግርኛም፣ በዐረብኛም ይሁን። አሥር ገጽ ሲጠራቀም የካምፑ መመሪያ እሱ ነው፤ ከፍላሹ ጋር ይባዛል፣ ከፍላሹ ጋር ይታደላል። ሶፍትዌሩን የማባዛት መብት ሰጥተውናል። ዕውቀቱን የማባዛቱ ሥራ የእኛ ድርሻ ነው።

የጻፋችሁትን ገጽ ለዝግጅት ክፍላችን ብታደርሱልን በደስታ እናትማለን።

ቸር ይግጠመን።